ጡብ ያልገባበት ካካዎ

በርበሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አንድ ጥርጣሬ አይለቀውም። ቀለሙ ከወትሮው ጎላ ካለበት ቆንጠር አድርጎ በመዳፉ ያሸዋል፤ የባሰበት እንደሆነ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ከሥር የሚዘቅጠውን ያያል። ጡብ ተፈጭቶበት እንደሆነስ? ከ170 ዓመት በፊት የእንግሊዝ ከተሞች ነዋሪም በካካዎ ላይ ይኸው ጥርጣሬ ነበረበት፤ የሚጠረጠረውም ያው ጡብ ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ሐኪሙን አርተር ሂል ሃሳልን የለንደንን ምግብ በማይክሮስኮፕ እንዲመረምር አሰማራው። ሃሳል ቡናው ውስጥ ቺኮሪ፣ ዳቦው ውስጥ ሸብ፣ ካካዎው ውስጥ ስታርችና ቀይ የሸክላ አፈር አገኘ። መጽሔቱም አልተሽኮረመመም፤ የነጋዴዎቹን ስም ከነአድራሻቸው አወጣው።

ካካዎ ላይ ግን ጥፋቱ የቀጣፊ ነጋዴ ብቻ አልነበረም። የካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ተቆልቶ ሲፈጭ ደረቅ ዱቄት አይሆንም፤ ተወቅጦ እንደላመ ኑግ ይወዛል። በፍል ውሃ ሲበጠበጥ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፍና ጠጪውን ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ ያንን ቅባት የሚመጥ ነገር ያስፈልግ ነበር፦ የድንች ስታርች፣ ሳጎ የሚባል የዘንባባ ስታርች፣ የስንዴ ዱቄት። ቀጣፊው የሚቀላቅለው ትርፍ ለማብዛት ነው፤ ሐቀኛውም የሚቀላቅለው ሌላ መላ ስላልነበረው ነው። በዚያ ዘመን ንጹሕ ካካዎ ለመሸጥ ደግ ልብ ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር።

መሣሪያው ሆላንድ ውስጥ ነበረ። የቫን ሃውተን ቤተሰብ በ1828 የካካዎን ስብ ጨምቆ የሚያወጣ መጭመቂያ በስሙ አስመዝግቧል። ወደ እንግሊዝ ያመጡት ግን የበርሚንግሃም ሁለት ወንድማማቾች፣ ሪቻርድና ጆርጅ ካድበሪ ናቸው።

አባታቸው ጆን ካድበሪ በ1824 በበርሚንግሃም ቡል ጎዳና ላይ ሻይ፣ ቡናና የሚጠጣ ቸኮሌት የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ቤተሰቡ ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው የሚጠሩ፣ መሐላን የማይቀበሉ፣ ጦርነት የማይዘምቱ ክርስቲያኖች ናቸው። የመንግሥትን ቤተ ክርስቲያን እምነት ስለማይቀበሉ የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶባቸው ኖሯል። መማር የተከለከለ ልጅ ይነግዳል። በንግድም ውስጥ የራሳቸውን ልማድ አመጡ፤ ከነዚያ አንዱ ቁርጥ ዋጋ ነው። ሌላው ነጋዴ እንደ ገዢው ፊት ዋጋ በሚጠራበት ዘመን፣ ከፍ አድርጎ ጠርቶ ዝቅ ብሎ መሸጥ ውሸት ነው ብለው ስላመኑ አንድ ዋጋ ቆርጠው ተቀመጡ። መርካቶ ውስጥ ሲከራከር የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ልጅም ይላክ አዋቂ፣ የሚከፍለው እኩል ነው። ደንቡ የወጣው ለነፍስ ተብሎ ነበር፤ ደንበኛ ግን አመጣ።

ጆን ካድበሪ በቸኮሌት መጠጥ ላይ የተጋው ሠራተኛውን ሕዝብ ከመጠጥ ቤት ሊያስወጣው ስለተመኘም ጭምር ነው። በ1831 መነገዱን ወደ ማምረት አሳደገው። ሚስቱ በ1855 ስትሞትበት ግን ልቡ ከሥራው ራቀ፤ ድርጅቱም እየሟሸሸ ሄደ። በ1861 ለልጆቹ ሲያስረክብ ሪቻርድ 25፣ ጆርጅ 21 ዓመታቸው ነበር። ከእናታቸው ለእያንዳንዳቸው 4 ሺህ ፓውንድ ወርሰዋል፤ ያንን ሁሉ አገቡበት። ጆርጅ ወጪ ለመቀነስ የጠዋት ጋዜጣ መግዛት እንኳ ትቶ ነበር ይባላል። ገንዘቡ ካለቀ ሪቻርድ መሬት ቀያሽ፣ ጆርጅ ደግሞ ሂማላያ ሄዶ ሻይ ተካይ ሊሆን አስበዋል። የሰው ዕዳ ይዘው ላይወድቁም ተማምለዋል ልንል ነው፤ ኩዌከር አይምልም እንጂ።

የሚሸጡት ካካዎ የሚያኮራ አልነበረም። ጆርጅ በኋላ ዘመን ራሱ ሳይደብቅ እንደተናገረው፣ ከመጠጡ ካካዎ የነበረው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው፤ የቀረው የድንች ስታርች፣ ሳጎ፣ ዱቄትና የስኳር ዝቃጭ ነበር። ከዚያ ነው ወደ ሆላንድ የተጓዘው። ደች አንድ ቃል አያውቅም። ከማሽኑ ባለቤት ጋር በምልክትና በመዝገበ ቃላት ተነጋግሮ፣ ዋጋ ተስማምቶ መጭመቂያውን ገዛ።

በ1866 «ኮኮዋ ኢሰንስ» የተባለው ምርት ገበያ ወጣ። ስቡ ተጨምቆ ስለወጣ ስታርች መቀላቀል አላስፈለገም። ወንድማማቾቹ ለየሐኪሙ ናሙና ላኩ፤ የሕክምና መጽሔቶች አመሰገኗቸው፤ ማስታወቂያቸውም ንጽሕናውን እንጂ ጣዕሙን አልዘፈነም። መንግሥት በምግብ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀልን የሚቆጣጠር ሕግ በ1872 እና በ1875 ሲያወጣ፣ የተቀላቀለ ነገር በግልጽ ይጻፍ ብለው ከጎኑ ቆሙ። የሌሎች ፋብሪካ ባለቤቶች ተቆጡ። ይህ ጽድቅ ነው ወይስ ንግድ? ሕጉ ሲጸድቅ የሚጎዳው ተፎካካሪያቸው ነበር፤ እነሱ ማሽኑን ቀድመው ገዝተዋል። ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ የካድበሪን ታሪክ ማንበብ የሚያስደስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ «የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው የሰው ቁመት የሚያክል የካርቶን ቼክ፣ ከጀርባው ባነር፣ ከፊቱ ካሜራ ነው። ትርፉ ከተቆጠረ በኋላ ከላዩ የሚቆነጠር ነገር ማለት ነው። በ1866 በርሚንግሃም ውስጥ የሆነው ከዚህ የተለየ ነበር። ኃላፊነቱ ከትርፉ የተረፈ ሳይሆን ከመጭመቂያው አፍ የወጣ ነው።

ከመጭመቂያው ሌላም ነገር ወጣ፦ ስቡ። የካካዎ ቅቤው በገፍ ሲተርፍ ወደሚበላ ቸኮሌት ገባ። ሥዕል የሚወደው ሪቻርድ በ1868 ያጌጡ የቸኮሌት ሳጥኖችን ማውጣት ጀመረ፤ የራሱን ልጆች ሣጥኑ ላይ እስከመሳል ደርሷል። ገበያው ሲሰፋ የከተማው ፋብሪካ ጠበበ። በ1879 ከበርሚንግሃም በስተደቡብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቦርን የሚባል ጅረት አጠገብ፣ ባቡርና የውሃ ቦይ የሚደርስበት ገላጣ መሬት ላይ አዲስ ፋብሪካ ተከሉ። ስሙን «ቦርንቪል» አሉት፤ በዚያ ዘመን ጥሩ ቸኮሌት የፈረንሳይ ነው ስለሚባል መጨረሻውን ፈረንሳይኛ አስመሰሉት። ነጋዴ መሆናቸውን የሚረሳ ካለ ይህን ያስታውስ።

ገጠር መውጣቱ እብደት ይመስል ነበር። ሠራተኛው የሚኖረው ከተማ ነዋ። ወንድማማቾቹ ከባቡር ኩባንያው ጋር ተደራድረው ርካሽ ቲኬት አስፈቀዱ፤ ምግብ የሚሞቅበት ወጥ ቤት፣ እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት ክፍል፣ የመጫወቻ ሜዳ ሠሩ። ቅዳሜን ግማሽ ቀን አደረጉት።

መንደሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጆርጅ በ1893 ከፋብሪካው አጠገብ 120 ኤከር መሬት ገዛ፤ በ1895 ዊልያም አሌክሳንደር ሃርቪ የተባለ ወጣት አርክቴክት ይዞ ቤት መሥራት ጀመረ። ጆርጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ለጎልማሶች ያስተምር ስለነበር ተማሪዎቹ የሚኖሩበትን ጉስቁልና ያውቃል፤ ፀሐይ የማይገባበት፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ ቤት፣ ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት። ስለዚህ በቦርንቪል ቤቱ ከቦታው ከሩብ በላይ እንዳይዝ ወሰነ። የቀረው ጓሮ ነው፤ ጓሮው ደግሞ ተከራዩ ከመግባቱ አስቀድሞ ተቆፍሮ የፖምና የመሰል ፍራፍሬ ዛፍ ተተክሎበት ይጠብቀዋል። ጆርጅ አንድ ጓሮ በሳምንት ስንት የሚያወጣ አትክልት እንደሚሰጥ በገንዘብ አስልቶ ለጠየቀው ሁሉ ይነግር ነበር።

ለትንንሾቹ ቤቶች የተለየ መታጠቢያ ክፍል መሥራት ኪራዩን ያስወድደዋል። ገንዳው ወጥ ቤት ውስጥ ሆነ፤ ሳይፈለግ ሲቀር ወደ ላይ ቆሞ እንደ ቁም ሳጥን በር ይዘጋበታል፣ ሲፈለግ ይወርዳል። ዕቃ የታጠበበት ወጥ ቤት ማታ በሩ ይቆለፍና ቤተሰቡ በተራ ይታጠብበታል። የውሃ ቧንቧ በየቤቱ ባልነበረበት ጊዜ ይህ ለፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቤቶቹ በረጅም ዘመን ሊዝ ተሸጡ። አንዳንዱ ገዢ ወዲያው አትርፎ ለሌላ ሸጠው። ደላላው የትም አለ። ጆርጅ ከዚህ ተምሮ በ1900 መሬቱንና 313 ቤቶቹን የቦርንቪል መንደር ትረስት ለተባለ አደራ ተቀባይ አካል አስተላለፈ። ከዚያ ወዲያ ንብረቱ የእሱም የልጆቹም የፋብሪካውም አልነበረም፤ የኪራዩ ገቢም ተመልሶ ቤት ይሠራበታል። መንደሩ ለካድበሪ ሠራተኞች ብቻ አለመሆኑም ልብ ይባላል፤ ከሥራ የተባረረ ሰው ቤቱን አያጣም። የፋብሪካ መንደር በሚሠራበት በሌላው ቦታ ሥራና ጣሪያ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ነበሩና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ቦርንቪል የአባት ቤት ነበር፤ አባት ደግሞ ያዛል። መጠጥ ቤት የለም። ሴቶች ሲያገቡ ሥራ መልቀቅ ግዴታቸው ነው፤ የምትለቅ ሙሽራ መጽሐፍ ቅዱስና ካርኔሽን አበባ ተሰጥቷት ትሸኛለች። ቸኮሌት እየሞሉ ዓመታት ያሳለፉ እጆች አንድ አበባ ይዘው ከበር ይወጣሉ። በ1906 የጡረታ ፈንድ ተቋቋመ፤ በ1918 የሠራተኞችና የአስተዳደር ምክር ቤቶች ተመሠረቱ። ብዙ ቀጣሪ ገና ያላሰበው ነገር ነው። ግን የአበባውን ነገር ሳያነሱ ጡረታውን ብቻ መተረክ ሚዛን ማጉደል ይሆናል።

የከፋው ከዚህ ይልቅ ራቅ ብሎ፣ ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ማዶ፣ በሳኦ ቶሜ ደሴት ነበር። ፖርቱጋል በምትገዛት በዚህች ደሴት የሚበቅለው ካካዎ ጥራቱ የታወቀ ሲሆን ካድበሪም ከፍተኛ ድርሻውን የሚገዛው ከዚያ ነበር። ባርነት በፖርቱጋል ሕግ ቀርቷል። ሠራተኞቹ «ሰርቪሳይስ» ይባላሉ፤ ለ5 ዓመት የሥራ ውል ፈርመዋል ይባላል። ከአንጎላ መሀል አገር ታስረው ወደ ባሕር ይነዱና በመርከብ ይሻገራሉ። ውሉ ሲያልቅ ይታደሳል። ወደ አገሩ የተመለሰ አይገኝም።

የሪቻርድ ልጅ ዊልያም ካድበሪ ይህን የሰማው በ1901 ነው። በዚያው ጊዜ ሳኦ ቶሜ ውስጥ የሚሸጥ አንድ እርሻ የንብረት ዝርዝር እጁ ገባ፤ በዝርዝሩ ላይ ሠራተኞቹ ከሌላው ንብረት ጋር ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ምን አደረገ? በ1903 ሊዝበን ሄዶ ባለሥልጣናትን አነጋገረ። በ1905 ጆሴፍ በርት የተባለውን ኩዌከር ፖርቱጋልኛ እንዲማር አድርጎ ወደ ደሴቱና ወደ አንጎላ ላከ። በርት ሲዞር ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ቀስ በሉ ይላል፤ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን የሚቆፍሩ ሰዎች የሚመጡት ከፖርቱጋሏ ሞዛምቢክ ነውና ሊዝበንን ማስቆጣት አልፈለገም። ካካዎው በዚህ ሁሉ መሀል ይገዛል።

ለጋዜጠኛው ሄንሪ ኔቪንሰን ግን ይህን ያህል ጊዜ አላስፈለገውም። በ1904 አንጎላ ገብቶ የባሪያ ነጂዎቹን መንገድ ተከትሎ ሄደ። በመንገዱ ዳር በየዛፉ ላይ የተንጠለጠሉ የእግር ግንዶችን፣ ወድቀው የቀሩ ሰዎችን አጽም አየ። ያየውን በመጽሔት አወጣው፤ በ1906 በመጽሐፍ አሳተመው።

በመስከረም 1908 «ስታንዳርድ» የተባለው የለንደን ጋዜጣ በሽሙጥ የተሞላ ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። ለቦርንቪል ሴቶች መዋኛ የሚሠራ፣ ለልጆች መጫወቻ የሚያዘጋጅ ድርጅት ለአንጎላ ባሮች ሲሆን ልቡ የት ሄደ የሚል ነው ሐሳቡ። ነገሩ ፖለቲካም ነበረበት። ያ የጠዋት ጋዜጣ መግዛት የተወው ጆርጅ ካድበሪ በ1901 «ዴይሊ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ገዝቶ፣ በደቡብ አፍሪካ ማዕድን የሚሠሩ ቻይናውያንን አያያዝ ከባርነት ቆጥሮ ወግ አጥባቂዎችን ሲነቅፍ ከርሟል። አሁን ተራው ደረሰው። ካድበሪ ስም ማጥፋት ነው ብሎ ከሰሰ።

ዊልያም ራሱ ወደ ደሴቱ ሄዶ ሲመለስ፣ በመጋቢት 1909 ካድበሪና ሌሎቹ የእንግሊዝ ቸኮሌት ሠሪዎች፣ ፍራይና ራውንትሪ፣ የሳኦ ቶሜን ካካዎ አንገዛም ብለው አወጁ። ክሱ በዚያው ዓመት መገባደጃ በርሚንግሃም ላይ ተሰማ። ለጋዜጣው የቆመው ኤድዋርድ ካርሰን፣ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን በመስቀለኛ ጥያቄ የጣለው ጠበቃ ነው። ዊልያምን ምስክር ሳጥን ውስጥ አቁሞ ቀስ እያለ ዓመቶቹን አስቆጠረው፤ መቼ ሰማህ፣ መቼ አመንህ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ገዛህ? በመጨረሻም በ8ቱ ዓመታት ውስጥ ለእናንተ ካካዎ ሲሠሩ የሞቱት ባሮች ስንት እንደሆኑ አስልተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዊልያም አላሰላሁም ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ለካድበሪ ፈረዱ፤ ጋዜጣው ስም አጥፍቷል። የካሳውን መጠን ሲናገሩ ግን አንድ ፋርቲንግ አሉ። ፋርቲንግ የፔኒ ሩብ ነው፤ በዚያ ዘመን 960 ፋርቲንግ ተደምሮ ነው አንድ ፓውንድ የሚሞላው።

ዊልያም አታላይ አልነበረም፤ ሰነዶቹን ያነበበ ሁሉ ጭንቀቱን ያያል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስታርቹን ከካካዎ ያወጣው ፈጠራ በፋብሪካው አጥር ውስጥ ነበር፤ የሚያየው፣ የሚለካው፣ በማሽን የሚፈታው ነገር ነው። ለባርነቱ የሚሆን መጭመቂያ ከሆላንድ አይገዛም። ያስፈለገው ሌላ ፍሬ የሚገኝበት ሌላ አገር ነበር፤ ያም አገር ሲገኝ ነው ግዢው የቆመው።

አገሩ ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ነው። ቴቴ ኳርሺ የተባለ ብረት ቀጥቃጭ በ1879 ገደማ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ዘር ይዞ ተመልሶ ተከለ፤ ከዚያ ጎረቤት ከጎረቤት እየተቀባበለ ተስፋፋ። እርሻው የባላባት ሳይሆን የገበሬ ነበር። በ1911 ጎልድ ኮስት በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ወጣች። ለካድበሪ ሕሊና ማረፊያ የሠራለት አንድ ብረት ቀጥቃጭና በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ በድርጅቱ ታሪክ ውስጥ ግን ስማቸው ብዙም አይነሳም። እነዚሁ ገበሬዎች በ1937 የአውሮፓ ገዢ ድርጅቶች ተማክረው ዋጋ ሲያወርዱባቸው ካካዎአቸውን አንሸጥም ብለው ለወራት ቆለፉት። ከተማከሩት ድርጅቶች አንዱ ካድበሪ ነበር።

ቦርንቪል ከኢትዮጵያም ጋር የምትገናኝበት ቀጭን ክር አላት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አንይዝም ያሉ ኩዌከሮች በአምቡላንስ ቡድን ሲሰለፉ የሠለጠኑት እዚያው ጎረቤት፣ ኖርዝፊልድ ካምፕ ነው፤ የቡድኑ ሊቀመንበርም ፖል ካድበሪ ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ ከ1942 ጀምሮ፣ ከነዚህ ወጣቶች የተወሰኑት ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሥራ አገልግለዋል።

በ2009 ካድበሪ የታወቀውን «ዴይሪ ሚልክ» ቸኮሌት በእንግሊዝና በአየርላንድ የፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) ምልክት አደረገበት፤ ካካዎው የጋና ነው። በዓመቱ የአሜሪካው ክራፍት ድርጅቱን ከ11 ቢሊዮን ፓውንድ በሚበልጥ ዋጋ ጠቀለለው። ክራፍት ሊገዛ ሲደራደር ብሪስቶል አቅራቢያ ያለውን የሶመርዴል ፋብሪካ አልዘጋም ብሎ ነበር፤ ግዢው እንደተጠናቀቀ ግን እዘጋዋለሁ አለ። የእንግሊዝ የኩባንያ ግዢ ተቆጣጣሪ አካልም ክራፍትን በይፋ ወቀሰው። በ2016 የፌርትሬዱ ምልክት በድርጅቱ በራሱ ፕሮግራም እንዲተካ ተወሰነ።

የቦርንቪል ፋብሪካም፣ የንግድ ምልክቱም፣ የቸኮሌቱ አሠራርም በዚያ ሽያጭ ለአሜሪካውያኑ ተላለፈ። ከፋብሪካው አጥር ማዶ ያሉት ባለ ጓሮ ቤቶች ግን በውሉ ውስጥ አልነበሩም። ጆርጅ ካድበሪ በ1900 ለትረስቱ ስለሰጣቸው፣ ከ110 ዓመት በኋላ የሚሸጣቸው ባለቤት አልተገኘም።